ስንጥቁ የት ደረሰ

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለማስረጃ ነው። የሚጻፍበት የታየ ነገር ብቻ ነው፤ ስሜት አይገባበትም።

የታየው ይህ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን ከሼህ አህመድ ቤት ለመግዛት ውል ፈርሜያለሁ። ቤቱ እዚሁ መካነ ሰላም፣ ከገበያው በላይ ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ አራት ክፍል። ሁለት መቶ ሺህ ብር ቀብድ ሰጥቻለሁ። ቀሪው እስከ ሐምሌ 30 ይከፈላል። ሼሁና ባለቤታቸው እትዬ ኑርጃን አቀስታ ካለችው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ስለሆነ የኋላዎቹን ሁለት ክፍሎች ቀድመው ለቀው ቁልፉን ሰጥተውኛል።

ዛሬ ከሰዓት ገብቼ ሳይ የኋላው ግድግዳ ተሰንጥቋል። ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ሦስት ስንዝር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ቀኑን ጻፍኩበት። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ያልለካሁትን አላምንም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሐረግ ደውላ ነበር። ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ለአንድ ዓመት ብላ ኮምቦልቻ ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሥራው አሁንም ለአንድ ዓመት ተራዘመ አለችኝ። እሱ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አይገባም።

ግንቦት 20

ለሞላ ነገርኩት። ሞላ ሒሳብ ያስተምራል፤ በውሉ ላይ ምስክር ሆኖ የፈረመልኝም እሱ ነው። «ጭቃ ቤት ተሰነጠቀ ብለህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?» አለኝ። «ያልተሰነጠቀ ጭቃ ቤት ያገኘህ ቀን ጥራኝ፣ ፎቶ እንነሣበታለን።» መምህራን ማረፊያ የነበረው ሁሉ ሳቀ።

ይሳቁ። ክረምቱ ሲገባ እንተያያለን።

ግንቦት 29፣ ዓርብ

አረፋ ነው። ሼሁ «የግቢው ሰው ልትሆን ነውና እንዳትቀር» ብለው ልከውብኝ ስለነበር ሄድኩ። ግቢው በሰው ሞልቷል። ሻይና ድፎ ዳቦ ቀረበልኝ። ሼሁ ላገኙት ሁሉ «ቤቱን የሚረከበው መምህር ዋለ ይህ ነው» እያሉ ያስተዋውቁኛል። ስንጥቁን ላነሣ ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስቴም ዳቦ ጎረስኩበት።

ከዚያ እትዬ ኑርጃን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ለሐረግ ደወልሁላት እኮ!» አሉኝ። ሐረግ የልጃቸውን የፈርሂያን ሁለቱንም ልጆች ያዋለደች ናት፤ ስልኳ አላቸው። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቤቱን የኸይር ያርግልሽ ብዬ መረቅኋት።»

«ምን አለችዎ?»

«ምን ትበል! ትንሽ ዝም አለችና አሚን አለች።»

ሻዩ አቃጠለኝ። ውሉን ከመፈረሜ በፊት ለሐረግ ጉዳዩን በዝርዝር አላስረዳኋትም ነበር። ኔትወርክ አስቸጋሪ ነበር። ደግሞ ድንገት ብትሰማው ደስ ይላታል ብዬም ነው።

ግንቦት 30

አልደወለችም።

ሰኔ 1

አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። የአሥራ አንደኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነው፤ ዘጠና ሁለት ወረቀት። አንዱ ተማሪ «ኃይል ማለት አንድን አካል ካለበት የሚያንቀሳቅስ ነው» ብሎ ጽፎ ስሙን ረስቶታል።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ደወለች። አርባ ደቂቃ አወራን። ኔትወርኩ ጥሩ ነበር።

የተባለውን አልጽፍም። ከስልኩ በኋላ በዝናብ ሄጄ ስንጥቁን ለካሁ። ምልክቱ ላይ ነው፤ አላለፈም። ግን ዝናቡ ገና መጀመሩ ነው፣ መሬቱም አልጠገበም። ቀኑን ጻፍኩ።

ወስኛለሁ። ቤቱን አልገዛም። የተሰነጠቀ ቤት የሚገዛ የለም።

ሰኔ 6

አበጋዝ ዘንድ ሄድኩ። አበጋዝ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች ትንሽ ክፍል ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። ጠበቃ አይደለም፤ እንደ ጠበቃ ግን ያስፈራል። ውሉን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ታዲያ ልትተወው ነው?»

«ልተወው።»

«ምክንያት?»

«ግድግዳው ተሰንጥቋል።»

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ከዚያ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥርልኝ ጀመር። ገዢ እምቢ ካለ ቀብዱ ቀረ፤ የሻጭ ነው። ውሉ ላይ ደግሞ ገደብ አለ፤ ያፈረሰ ወገን መቶ ሺህ ብር ይጨምራል። ሻጩ በዚህ አልበቃም ካለ፣ ውሉ ይፈጸምልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል፤ ያኔ ቤቱን ሳትወድ ትረከባለህ አለኝ።

«ስንጥቁ ሳይነገረኝ ነው የፈረምኩት እላለሁ።»

«ቁልፍ ተቀብለሃል?»

«አዎ።»

«ገብተህ ታውቃለህ?»

«ቀን እየጻፍኩበት ለመለካት ያህል።»

«ለመለካት!» ጠረጴዛውን መታው። «ሰውዬ፣ ቁልፍ ተቀብለህ፣ ገብተህ ወጥተህ፣ ግድግዳው ላይ በእጅህ ቀን ጽፈህ ነው አልተረከብኩም የምትለው? እነሱ ማስረጃ መፈለግ የለባቸውም እኮ። አንተ ግድግዳቸው ላይ ጽፈህ ሰጥተሃቸዋል!»

ከዚያ ደግሞ ከስሜ ሥር ያለችውን ሁለተኛ ፊርማ በብዕሩ ጫፍ ነካ። «ይህስ?»

«የባለቤቴ ነው።»

«ሲፈረም እዚህ ነበረች?»

«አዎ» አልኩት። ምን ልበል።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ዛሬ ለሼሁ ልነግራቸው ቆርጬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ነበር። «ሼሁ፣ አንድ ነገር አለ፤ እንዳይቀየሙኝ።» እንዲህ ነበር የምጀምረው።

በር ላይ አግኝተውኝ «ጥሩ ሰዓት መጣህ» አሉና ስልካቸውን አሳዩኝ። አቀስታ ፈርሂያ ግቢ ውስጥ የተሠራች ሁለት ክፍል ነች፤ ቆርቆሮዋ ገና ያብረቀርቃል። «ቀብድህ ናት» አሉኝ እየሳቁ። «አላህ ይስጥህ፤ ለእርጅናችን ማረፊያ ሠራህልን።» ቁርአን የሚያስቀሯቸውን ልጆችም ለሌላ ሼህ እንዳስረከቧቸው ነገሩኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነው እዚያ ግቢ ያስተማሩት።

«አንተስ ምን ልትለኝ ነበር?»

«ለሰላምታ ነው» አልኩ።

ያንን ብቻ ብዬ ብመለስ ደግ ነበር። እሳቸው ግን አቀስታ የማይወስዱትን የኪታብ መደርደሪያ መረቁልኝ። ተሸክሜው መጣሁ። የማልገዛው ቤት ዕቃ አሁን የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ከአልጋዬ ጋር እየተጋፋ ነው። ፈሪ ነኝ። ሌላ ስም የለውም።

ሰኔ 19

ሐረግ ደወለች። እትዬ ኑርጃን የውሉን ፎቶ በስልክ ልከውላታል፤ ለደስታ ብለው።

«የኔን ፊርማ ማን ፈረመው?» አለችኝ።

ስንጥቁን ለካሁ። አላለፈም። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ አላለፈም። ቀን ጻፍኩ።

ሰኔ 21

ሞላን «አንተ ንገርልኝ» አልኩት። «ምስክር እንጂ አፍ አልሆንልህም» አለኝ። ለመንኩት። ሄደ። በግማሽ ሰዓት ተመለሰ። ሼሁ ሰምተው «እሱ ራሱ ለምን አልመጣም?» ብቻ አሉ አለኝ።

አልሄድኩም። ዛሬ ጭቃው ከባድ ነው።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። የጻፈው የፈርሂያ ባል ነው፣ ፊርማው የሼሁ ነው። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በውሉ መሠረት ካልፈጸምክ፣ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሳይዘጋ ክስ ይመሠረታል ይላል። ትምህርት ቤት ድረስ ነው ያመጡልኝ። ጸሐፊዋ አንብባዋለች፤ ዛሬ ሁለት ጊዜ «አይዞህ» አለችኝ።

ገንዘቡ የእኔና የሐረግ የአምስት ዓመት ቁጠባ ነው። ይህን እስካሁን አልጻፍኩትም ነበር።

ሐምሌ 2

አበጋዝ ራሱ ደውሎ ጠራኝ። ስገባ ቆሞ ጠበቀኝ፤ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

«ዳንክ!» አለኝ። «የሻጭ ሚስት ፊርማ የታለ?»

አየሁ። የለም። ሼህ አህመድ አሉ፣ ምስክሮች አሉ፣ እትዬ ኑርጃን የሉም።

«የባልና የሚስት ቤት ባል ብቻውን አይሸጥም። ሚስቱ ሳትፈቅድ ሸጠልኝ፣ ስም ሊያዞርልኝ አይችልም፣ ያፈረሰው እሱ ነው ትላለህ። ቀብዱን መመለስ ብቻ አይደለም፤ እጥፉን ትጠይቃለህ! ስንጥቅህን እዚያው ተወው።» ማመልከቻውን አስቀድሞ ጽፎታል። ፈርም አለኝ። አንድ ቀን ስጠኝ ብዬ ወረቀቱን ይዤው መጣሁ።

አሁን ሌሊት ነው። መብራት ሄዷል፤ በባትሪ ነው የምጽፈው። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ያን ቀን ሁሉም ነገር እንዴት እንደነበር ልጻፈው። ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት። የሼሁ ግቢ ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር። ውሉ ተነበበ፣ ቀብዱ ተቆጠረ፣ ሼሁ ፈረሙ። ሞላ «እትዬ ኑርጃንም ይፈርሙ እንጂ» አለ። እሳቸው ከበሩ ላይ ሆነው «ዱአው ሳይደረግ ምን ያጣድፋችኋል» አሉ። ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘረጋ። ቤቱን የሚገቡበት በሰላም ይግቡበት፣ የሚወጡትም በሰላም ይውጡ፣ ልጅ ይደግበት ተባለ። ከሁሉ አሚን በላይ የሚሰማው የእትዬ ኑርጃን ነበር፤ እያለቀሱ ነው አሚን የሚሉት። ዱአው ሲያበቃ ሞላ ብዕር ቢያቀርብላቸው «ምነው፣ አላህ የሰማውን ወረቀት ካልሰማ ብላችሁ ነው?» አሉትና ሁሉም ሳቀ። ተወው። ትክክል ነው ብለን ሁላችንም ተውነው። እዚህ አገር ዱአ ላይ አሚን ብሎ የሚክድ ማን አለ?

ከዚያ ብዕሩ ወደ እኔ መጣ። ፈረምኩ። ከሥር «ወ/ሮ ሐረግ» የሚል መስመር ነበር። ሞላ «እሷ ስትመጣ ትፈርማለች» አለ። ሁሉም እያየኝ ነው፤ እጄ ላይ ገና የዱአው ነገር አለ። «ተስማምታለች፣ ትናንት በስልክ ተነጋግረናል» ብዬ ፈረምኩላት። ሞላ አየኝ። ምንም አላለም።

አልተነጋገርንም ነበር። ኔትወርኩም አልተበላሸም። አልደወልኩላትም። ቤት ካለ ትመጣለች ብዬ ነው። ግቢ ካለ፣ ጓሮ ካለ፣ የራሷ በር ካላት ትመለሳለች ብዬ ነው።

አሁን እንግዲህ የፈቀዱትን ሴትዮ አልፈቀዱም ብዬ ልፈርም ነው። ያልፈቀደችውን ፈቅዳለች ብዬ እንደፈረምኩት።

ሐምሌ 3

አልፈረምኩም። አልቀደድኩትምም። ኪሴ ውስጥ ነው።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ሐረግ ደወለች። ሼሁ ጉዳዩን በሽማግሌ እንየው ማለታቸውንና ሐምሌ 20 እንደሚቀመጡ ሰምታለች፤ እመጣለሁ አለች። «ግማሹ ገንዘብ የኔ ነው፤ ሲወሰን መኖር አለብኝ።» የት ታድሪያለሽ ስላት አክስቴ ዘንድ አለች።

ለካሁ። አልተንቀሳቀሰም። ቀን ጻፍኩ።

ሐምሌ 13

የማስጠንቀቂያው ቀን አልፏል። ሼሁ ክሱን አላስገቡም፤ ሽማግሌ ልጠብቅ ብለዋል። ቢከሱኝ ይሻለኝ ነበር። አበጋዝ «ፈረምክ?» ብሎ ደወለ። አላነሣሁም። ገበያ ላይ እትዬ ኑርጃንን ከሩቅ አይቻቸው በጨው ተራ በኩል ዞርኩ። ጎልማሳ ሰው፣ ከአሮጊት ተደብቄ ሽንኩርት ሳልገዛ ተመለስኩ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

አልቋል። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለት ሼሆችና አንድ መሪጌታ። የተቀመጥነው እዚያው ሼህ አህመድ ግቢ፣ ቆርቆሮው ሥር ነው። ሐረግ ትናንት ገብታለች። ስመጣ እትዬ ኑርጃን አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ከስታለች። እጄን ጨብጣ ሰላም አለችኝ፣ እንደ እንግዳ።

መሪጌታው ጀመሩ። «መምህር፣ አበጋዝ ዘንድ አንድ ነገር እንደተጻፈ ሰምተናል። ኑርጃን ሳትፈቅድ ነው የተሸጠልኝ ትላለህ ወይ?»

እትዬ ኑርጃን ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ግራ ነው የገባቸው። ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት ነካሁት። የአምስት ዓመት ቁጠባ፣ ከነእጥፉ፣ እጄ ላይ ነበር። አዎ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

«ፈቅደዋል» አልኩ። «አሚን ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«የአንተስ ባለቤት? እዚህ ላይ ፊርማዋ አለ።»

እትዬ ኑርጃን ቀደሙኝ። «እሷማ በአፏ አሚን ብላኛለች! እኔ ምስክር ነኝ።»

ሐረግ መሬት መሬት ታያለች። ለሁለተኛ ጊዜ ልትሸፍንልኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ያኔ ነው ያልቻልኩት።

«አሚን ያለችው የኔን ገመና ለመሸፈን ነው» አልኩ። «አልጠየቅኋትም። ቤቱንም ቀብዱንም የሰማችው ከእርስዎ ነው። ፊርማውን የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ። መሪጌታው «ይህ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ወንጀል መሆኑን ታውቃለህ?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። ሞላ ከጥግ «እኔም አይቻለሁ፣ ዝም ብያለሁ» አለ። ይህን እንዲል ማንም አልጠየቀውም።

«ልጄ» አሉ ሼህ አህመድ በመጨረሻ፣ «ቀብድህ አቀስታ ላይ ግድግዳ ሁኗል። አፍርሼ አልመልስልህም። ሌላ ገዢም በክረምት አላገኝም፤ ጎድተኸኛል። ገደቡን ግን አልፈልገውም። ቁልፌን ስጠኝ።»

ቁልፉን ሰጠሁ። ኪሴ ውስጥ ስለኖረ ሞቋል።

የማፍረሻ ውል እዚያው ተጻፈ። ሐረግ ራሷ ፈረመች። የእሷ ፊርማ እኔ ከጻፍኩት ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። እትዬ ኑርጃን ብዕሩን ከሞላ እጅ ነጥቀው «ዛሬስ እኔም እፈርማለሁ፤ አሚን አልበቃችሁም» አሉና ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ጠዋት ሐረግ መጣችና «ቤቱን አሳየኝ» አለች። «ሁለት መቶ ሺህ ብር የቀረበትን ቤት ሳላይ አልሄድም።»

ቁልፍ ስለሌለኝ በር አንኳኳን። እትዬ ኑርጃን ከፈቱልን። ሐረግ አራቱንም ክፍሎች አየች፤ ጓሮውን አየች፤ የኮክ ዛፍ እንዳለ እኔ እንኳ ልብ አላልኩም ነበር። ከዚያ የኋላው ክፍል ገባችና ግድግዳው ፊት ቆመች።

ስንጥቁ ጫፍ ላይ አራት የእርሳስ መስመሮች አሉ፤ አንዱ ባንዱ ላይ የተሰመሩ ናቸው። አንድ ጣት የሚሞላ ልዩነት የላቸውም። እትዬ ኑርጃን «ፈርሂያን ስወልድም ይኸው ነበር፤ ምርጊቱ ሲደርቅ የመጣ ነው» አሉና ወጡልን።

ሐረግ ጣቷን አስደግፋ ቀኖቹን ቀስ ብላ አነበበች። «ግንቦት 18። ሰኔ 3። ሰኔ 19። ሐምሌ 9።» ዞራ አየችኝ። «ዋለ፣ እነዚህ እኮ እኔ የደወልኩልህ ቀኖች ናቸው።»

እንደዚያ መሆኑን አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው፤ ይህን ደብተር መልሼ ሳየው ነው ያመንኩት።

እስከ መናኸሪያ ቦርሳዋን ይዤላት ሄድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆምን። «ለምን አልጠየቅከኝም?» አለችኝ።

«እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ።»

«እምቢ እልህ ነበር» አለች። ቦርሳዋን ከእጄ ተቀበለች። «ግን ጠይቀኸኝ ቢሆን፣ ለምን እምቢ እንዳልኩ እነግርህ ነበር።»

ገባች፤ የተቀመጠችው በመስኮቱ በኩል አልነበረም። ሚኒባሱ በአቀስታ መንገድ ወጣ። መናኸሪያው አጥር ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ሁለት ደላሎች አይተውኛል። የታየ ነገር ስለሆነ ጻፍኩት።